ጋውኔን ከሰቀልኩ አራት ዓመት ሆነኝ፤ ከየት ልጀምር?

ጤና ይስጥልኝ አንባቢዎቼ። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለሚቀራረቡ አንድ ላይ አመጣኋቸው። ጸሐፊዎቹ ሐኪሞች ናቸው። አንድ አገር ተምረው ሌላ አገር ማከም ይፈልጋሉ። ለመጀመሪያዋ ረዘም አድርጌ መልሻለሁ። እኔም ያንኑ መንገድ ስለሄድኩበት በአጭሩ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ከተመረቅኩ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ሦስቱን ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ ባለቤቴን ተከትዬ አሜሪካ መጣሁና ሁለት ልጆች ወለድኩ። ግሪን ካርድ አለኝ። አሁን በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ሽፍት እሠራለሁ። የአሜሪካ የሐኪሞች ፈቃድ ፈተና የመጀመሪያ ደረጃ የሆነውን የስቴፕ ዋን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ገዝቼ ሁለቱንም ጊዜ መሐል ላይ ተውኩት። አንዱ “እንደ አዲስ ሕክምና ትምህርት ቤት መግባት አለብሽ” ይለኛል። ሌላው “አዲስ ሕግ ወጥቷል፣ ሬዚደንሲ (ሐኪም ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ የሚሠለጥንበት) ቀርቷል” ይላል። ባለቤቴ ነርሲንግ ብማር ይሻላል ባይ ነው፤ ለእኔ አዝኖ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሌሊት አንዱ አዛውንት ትንፋሽ ሲያጥራቸው እጄ ሳላስበው ስቴቶስኮፕ ይፈልጋል። እውነቱን ይንገሩኝ። ረፍዷል? ካልረፈደስ ከየት ልጀምር?

የሌሊት ሠራተኛዋ

መልስ

የኔ እህት፣ አልረፈደም። ሰባት ዓመት ግን ቀላል አይደለም፤ እሱንም ልደብቅሽ አልፈልግም። ብዙ የሬዚደንሲ ፕሮግራሞች በቅርብ ዓመታት የተመረቀ ሰው ይመርጣሉ። አምስት ዓመት ካለፈው ማመልከቻውን ጭራሽ የማያዩም አሉ። እንዲህ ዓይነት ገደብ የሌላቸውም አሉ። እኔን የወሰደኝ ፕሮግራም ከእነሱ አንዱ ነበር። ስለዚህ መንገዱ ክፍት ነው። ከእንግዲህ የምታባክኚው ዓመት ግን የለሽም።

በመጀመሪያ ወሬዎቹን እናጥራ። እንደ አዲስ ሕክምና ትምህርት ቤት መግባት የለብሽም። የተማርሽው ይቆጠርልሻል። አሜሪካ ውስጥ በውጭ የተማሩ ሐኪሞችን ማስረጃ የሚያጣራ ኢሲኤፍኤምጂ የሚባል ተቋም አለ። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ዛሬ ኢንቴልዝ በተባለ ድርጅት ሥር ይሠራል። ትምህርት ቤትሽን፣ ዲፕሎማሽን፣ የፈተና ውጤትሽንና እንግሊዝኛሽን አይቶ ሰርተፍኬት ይሰጥሻል። ይሄ ሰርተፍኬት ላይሰንስ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሰርተፍኬቱ ሬዚደንሲ እንድትገቢ ያስችልሻል። የማከም ፈቃድ የሚሰጠው ግን የእያንዳንዱ ስቴት የሕክምና ቦርድ ነው።

አዲስ ሕግ ወጥቷል ያለሽም ሰው ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ቴነሲ እ.ኤ.አ. በ2023 በውጭ የሠለጠኑ ሐኪሞች እዚህ ሬዚደንሲ ሳይደግሙ ጊዜያዊ ፈቃድ የሚያገኙበትን ሕግ አወጣች። ፍሎሪዳና ቨርጂኒያን የመሳሰሉ ሌሎች ስቴቶችም ተከትለዋል። ዝርዝሩን ስታነቢው ግን የተጻፈው በአብዛኛው ውጭ አገር ስፔሻላይዜሽን ለጨረሰ ወይም በቅርብ ዓመታት ሲያክም ለቆየ ሐኪም ነው። ኢሲኤፍኤምጂም ፈተናውም አልቀረም። ሊቀጥርሽ የፈረመ ተቋምም ይፈለጋል። አንቺ ጠቅላላ ሐኪም ነሽ፤ ማከም ካቆምሽም አራት ዓመት ሆኖሻል። ይሄን ሕግ ተስፋ አድርገሽ ሬዚደንሲን እንዳትተዪ።

አሁን ከየት ልጀምር ላልሽው። ከመጽሐፍ አትጀምሪ። ከወረቀት ጀምሪ።

ይሄን የምልሽ ከራሴ ስለደረሰብኝ ነው። የመጀመሪያውን ማመልከቻ ካስገባሁበት ቀን እስከ ሙሉ ፈቃዴ ድረስ ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል። ከስምንቱ አንዱ ያለቀው በአንዲት ፊደል ምክንያት ነው። ዲፕሎማዬ ላይ ስሜ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንድ ፊደል ተደግማለች። ፓስፖርቴ ላይ አልተደገመችም። እኔ ፈተናው ነው ዋናው ብዬ አሥራ አንድ ወር ሙሉ አጠናሁ። ወረቀቱን ለማንሳት ስመጣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን እንዳረጋግጥ ተጠየቅኩ። ያን ጨርሼ ደግሞ የተማርኩበት ትምህርት ቤት የማረጋገጫ ጥያቄው ደርሶት ለወራት አልመለሰም። ለካ ጥያቄው የሄደው ሥራውን ለቆ ወደወጣ ሰው አድራሻ ነው። በዚህ መሐል መስከረም አለፈኝ። መስከረም ሲያልፍ ዓመት ያልፋል፤ ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

አየሽ፣ ፈተናን በራስሽ ጉልበት ታፋጥኚዋለሽ። ሌሊት ትነቂያለሽ፣ ቅዳሜን ትሰጪዋለሽ። ወረቀት ግን በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። ዲፕሎማሽን ይዘሽ ሄደሽ “ይኸው” ማለት አትችዪም። ኢሲኤፍኤምጂ ራሱ ለትምህርት ቤትሽ ይልካል፤ ትምህርት ቤቱም በቀጥታ ለእሱ ይመልሳል። ስለዚህ ወረቀቱን ዛሬ አስጀምሪው። እሱ በራሱ ፍጥነት ሲጓዝ አንቺ ታጠኛለሽ።

በዚህ ሳምንት ዓለም አቀፉን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫ ክፈቺ። ትምህርት ቤትሽን ፈልጊ። ኢሲኤፍኤምጂ ተመራቂዎቹን እንደሚቀበል የሚገልጽ ማስታወሻ መኖሩን እዪ፤ የተመረቅሽበትን ዓመት መሸፈኑንም አረጋግጪ። ከዚያ ፓስፖርትሽን፣ ዲፕሎማሽንና ትራንስክሪፕትሽን ጎን ለጎን ዘርግተሽ ስምሽን ፊደል በፊደል አነጻጽሪ። የትኛው ስም መጀመሪያ፣ የትኛው መጨረሻ እንደገባም ተመልከቺ። ልዩነት ካለ አሁኑኑ አስተካክዪ። ቀጥሎ ትምህርት ቤትሽ ደውለሽ ማረጋገጫ የሚፈርመው ማን እንደሆነ ጠይቂ። ስሙንና ኢሜይሉን ያዢ።

አንድ ሌላ ቀን የተቆረጠለት ነገር አለ። ድሮ በሽተኛ ሆኖ የሚተውን ሰው እየመረመርን የምንፈተነው ስቴፕ ቱ ሲኤስ የሚባል ፈተና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ቀርቷል። በእሱ ፋንታ ኢሲኤፍኤምጂ ‘ፓዝዌይ’ የሚላቸውን አማራጮች አዘጋጀ። አንደኛው በሌላ አገር ፈቃድ ይዞ በራሱ ላከመ ሐኪም ነው። አንቺ ሦስት ዓመት ስለሠራሽ ይመለከትሻል። ነገር ግን ፈቃድሽ እስከ መቼ የጸና እንደነበር ይታያል፤ ተቀባይነት ያለው ቀን ደግሞ በየጊዜው ወደፊት ይገፋል። ካለፈብሽ ሌላ ፓዝዌይ መፈለግ ይኖርብሻል። ሁሉም ፓዝዌይ ኦኢቲ የሚባለውን የሕክምና እንግሊዝኛ ፈተና ይጠይቃል። እሱን አትፍሪው፤ በሥራሽ በየሌሊቱ የምትናገሪው እንግሊዝኛ ነው።

ወደ ፈተናዎቹ ስንመጣ ዩኤስኤምኤልኢ የሚባለው የአሜሪካ የሐኪሞች ፈቃድ ፈተና ሦስት ደረጃ አለው። ለኢሲኤፍኤምጂ ሰርተፍኬት ስቴፕ ዋንና ስቴፕ ቱ ሲኬ (የሕክምና ዕውቀት ፈተናው) ይበቃሉ። ስቴፕ ዋን ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ ቁጥር የለውም፤ አለፈች ወይም ወደቀች ነው። ይሄ ሲባል ቀለለ ማለት አይደለም። አንዴ መውደቅ መዝገብሽ ላይ ይቀራል፤ ፕሮግራሞችም ያዩታል። አንዱን ስቴፕ ከአራት ጊዜ በላይ መውሰድ አይቻልም። ያለፍሽውን ደግሞ ውጤት ላሻሽል ብለሽ መድገም አትችዪም። ስለዚህ የስቴፕ ቱ ቀን ደረሰብኝ ብለሽ ሳትዘጋጂ አትግቢ። ዛሬ ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚያወዳድሩበት ቁጥር እሱ ነው። ሁለቱን ፈተናዎች በሰባት ዓመት ውስጥ መጨረስ አለብሽ፤ ይሄ የሚያሳስብሽ አይመስለኝም።

መጽሐፉን ሁለት ጊዜ መሐል ላይ የተውሽው ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም። የሌሊት ሽፍት ሠርታ፣ ልጆች አብልታ አንዲት እናት ወፍራም መጽሐፍ ከገጽ አንድ ጀምራ አትጨርስም። እኔም አልጨረስኩም። የረዳኝ የጥያቄ ባንክ ነው። በቀን 20 ጥያቄ፤ ሰዓት ይዤ እመልሳለሁ፣ ከዚያ የተሳሳትኩትን ማብራሪያ አነባለሁ። መጽሐፉን የምገልጠው ላልገባኝ ነገር ብቻ ነበር። ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ በቀን ሁለት ሰዓት፣ ማንም የማይነካው ሰዓት፣ ቁረጡ። “ሲመቸኝ አጠናለሁ” ካልሽ አይመችሽም። እባክሽ ደግሞ “የወጣ ጥያቄ አለኝ” ከሚልሽ ሰው ራቂ። በ2024 መጀመሪያ ፈተናው አስቀድሞ ወጥቷል በሚል ከኔፓል ጋር የተያያዙ የብዙ ተፈታኞች ውጤት ውድቅ ተደርጓል። “ሬዚደንሲ በእርግጠኝነት አስገባለሁ” ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅሽንም አትመኚው። እንዲህ ዓይነት ቃል መግባት የሚችል ሰው የለም።

አሁን የመስከረሙን ነገር ልንገርሽ። የሬዚደንሲ ማመልከቻ የሚገባው በዓመት አንዴ ነው። ፕሮግራሞች ማመልከቻውን ማየት የሚጀምሩት በሴፕቴምበር መጨረሻ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት የብርድ ወራት ኢንተርቪው አለ። ከዚያ አንቺ ፕሮግራሞቹን በምርጫሽ ትደረድሪያለሽ፣ እነሱም አመልካቾችን ይደረድራሉ፤ ኮምፒውተር ያገናኛል። ስሙም ‘ማች’ ነው። በማርች ሦስተኛ ሳምንት ሰኞ ማግኘት አለማግኘትሽን ያሳውቁሻል። የት እንደሆነ የምታውቂው ዓርብ ነው።

እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ሰኞ ዕለት አላገኘሽም ተባልኩ። ሆስፒታል ደረጃ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ያኔ ሥራዬ ደም መቅዳት ነበር፤ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ በየክፍሉ እየዞርኩ እቀዳለሁ። ከመቶ በላይ ፕሮግራም አመልክቼ የጠሩኝ ሁለት ብቻ ነበሩ። የጎደለኝ በኋላ ነው የገባኝ። የድጋፍ ደብዳቤዎቼ በሙሉ ከድሮ አስተማሪዎቼ ነበሩ። እዚህ አገር ስሠራ ያየኝና ስለ እኔ የሚጽፍ አንድም ሐኪም አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ደም የምቀዳበትን ክፍል ከሚከታተሉት ሐኪሞች አንዷን አስቆምኳት። ሐኪም እንደሆንኩ ነገርኳት። ያን ቀን ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ የሚያሳፍር ነገር ይመስለኝ ነበር። “በእረፍት ቀኔ ከኋላሽ ሆኜ ልይ” አልኳት። አስፈቅዳልኝ ለአራት ወር በየሳምንቱ ተከተልኳት። ደብዳቤዬን የጻፈችው እሷ ናት። በሁለተኛው ዓመት ስድስት ኢንተርቪው አገኘሁ፤ በውስጥ ደዌ ማች አደረግኩ።

አንቺ የምትሠሪበት መንከባከቢያም አዛውንቶቹን እየመጣ የሚያይ ሐኪም አለው። እሱ የሚመጣው ቀን ስለሆነ አንቺ ሳታገኚው ትቀሪያለሽ። አንድ ቀን ሽፍትሽ ካለቀ በኋላ ጠብቂው። ስምሽንና ሙያሽን ንገሪው፤ ኦብዘርቨርሺፕ፣ ማለትም ሲያክም ከኋላው ሆነሽ እንድታዪ፣ ጠይቂው። እንክብካቤ ሥራሽ ብቻውን እንደ ሐኪም ልምድ አይቆጠርልሽም። ወደዚያ ሐኪም የሚያደርስሽ ግን እሱ ነው።

ዕድሉ ምን ያህል ነው? በ2024ቱ ማች የአሜሪካ ዜግነት ከሌላቸው በውጭ የተማሩ አመልካቾች 58.5 በመቶው ቦታ አግኝተዋል። እዚሁ አሜሪካ በኤምዲ (በሕክምና ዶክተርነት) ሊመረቁ የደረሱት 93.5 በመቶ ናቸው። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ግን ከአሥር ስድስቱ ገደማ ገብተዋል። አንቺ ደግሞ ቪዛ የሚሰጥሽ አትፈልጊም፤ ብዙዎች የሚሰናከሉበት እሱ ነው። የውስጥ ደዌ፣ የቤተሰብ ሕክምናና የሕፃናት ሕክምና ሦስት ሦስት ዓመት ናቸው፤ ከውጭ የመጣን ሐኪም በብዛት የሚቀበሉትም እነዚህ ናቸው። ሬዚደንሲ ሆነሽ ስቴፕ ስሪን ትወስጃለሽ። ብዙ ስቴቶች በውጭ ለተማረ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሬዚደንሲ ካየ በኋላ ሙሉ ፈቃድ ይሰጣሉ። በሬዚደንሲው ዘመን ደመወዝ እንዳለሽም ለባለቤትሽ ንገሪው። ብዙ ቤተሰብ ይሄን ስለማያውቅ ነው የሚፈራው።

ስለ ነርሲንግ አንድ ነገር ልበል። ነርስነት ራሱን የቻለ ታላቅ ሙያ ነው። ወደ ሐኪምነት መሸጋገሪያ ግን አይደለም። ነርስነቱን ወደሽው ከሆነ ግቢበት። ሐኪምነትን ስለፈራሽ ብቻ አትግቢበት።

ጥያቄ

ዶክተር፣ የ51 ዓመት ቀዶ ሐኪም ነኝ። በስፔሻሊስትነት 18 ዓመት ሠርቻለሁ። ልጆቼ ውጭ ስላሉ አብሬያቸው መኖር እፈልጋለሁ። ግማሹ አሜሪካ፣ ግማሹ ካናዳ ናቸው። እውነት ከዜሮ ልጀምር ነው? በልጄ ዕድሜ ያለ ሰው ሊያዘኝ?

መልስ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ የሚያም ጥያቄ ነው። የተለሳለሰ መልስ ብሰጥዎ ግን አይጠቅምዎትም። አሜሪካ ውስጥ በተለመደው መንገድ ከሄዱ አዎ፣ ከሬዚደንሲ ነው የሚጀምሩት። ቀዶ ሕክምና ደግሞ አምስት ዓመት ነው። 18 ዓመቱ እንዳልነበረ ይታለፋል። ይሄ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም፤ ብዙ ጥሩ እጆች ባክነውበታል።

ሆኖም ለመጀመሪያዋ እህቴ አይሆንም ያልኳት የስቴቶች አዲስ ሕግ ለእርስዎ ሊሆን ይችላል። ስፔሻላይዜሽን ጨርሰዋል፣ አሁንም እየሠሩ ነው። በየስቴቱ ያለውን መስፈርት ያንብቡ። ኢሲኤፍኤምጂውን አስቀድመው ያግኙ። ከዚያ በሕጉ መሠረት የሚቀጥር ሆስፒታል ይፈልጉ። አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ የስቴቱ ፈቃድና የስፔሻሊቲ ቦርድ ሰርተፍኬት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ሆስፒታሎችና ኢንሹራንሶች ሁለተኛውንም ይጠይቃሉ። ሳይፈርሙ በፊት ይሄን በግልጽ ይጠይቁ።

ካናዳ በተለያዩ ፕሮቪንሶች ልምድ ያለው ሐኪም በሥራ ላይ እያለ ለሳምንታት የሚመዘንበት ፕሮግራም አለ። ካለፈ በኋላ ሐኪም በሚያጥርበት አካባቢ ለተወሰነ ዓመት ለማገልገል ይፈርማል። በብዛት የሚሰጠው ግን ለቤተሰብ ሕክምና ነው። አውስትራሊያ ለስፔሻሊስት የተለየ መንገድ አላት። የቀዶ ሐኪሞቹ ኮሌጅ ሥልጠናዎንና ልምድዎን አይቶ ከእነሱ ጋር ይመጣጠናል፣ በከፊል ይመጣጠናል ወይም አይመጣጠንም ብሎ ይወስናል። ከልጆችዎ ግን ይርቃል።

ሊያዘኝ ስላሉት። አብሮኝ ሬዚደንት የነበረ አንድ ሰው ከመምጣቱ በፊት ለብዙ ዓመት ቀዶ ሐኪም ነበር። በመጀመሪያው ወር የ28 ዓመት ልጅ ስለ ቁስል አስተሳሰር ስታስረዳው ዝም ብሎ ሰማት። ማታ ግን መኪናው ውስጥ ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ እንደነበር ነግሮኛል። በዓመቱ ያቺው ልጅ የከበደ በሽተኛ ሲገጥማት እሱን ነበር የምትፈልገው። ይሄን የምነግርዎ ይግቡበት ለማለት አይደለም። ያን የመጀመሪያ ዓመት መሸከም እንደሚችሉ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ነው።

ጥያቄ

ዘንድሮ ኢንተርን ነኝ። ጓደኞቼ ግማሹ ለአሜሪካው ዩኤስኤምኤልኢ፣ ግማሹ ለእንግሊዙ የሐኪሞች ፈተና ለፕላብ ያጠናሉ። የቱ ይቀላል?

መልስ

ወንድሜ፣ ቀላል የሚባል የለም። ቅደም ተከተላቸው ግን ይለያያል፤ ምርጫህንም በእሱ አድርግ። አሜሪካ መጀመሪያ የሥልጠና ቦታ ታገኛለህ፣ ሙሉ ፈቃዱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። እንግሊዝ ፈቃዱን መጀመሪያ ታገኛለህ፣ ሥራውን ከዚያ በኋላ ትፈልጋለህ።

ፕላብ አንድ 180 ጥያቄ በሦስት ሰዓት ነው፤ በብዙ አገሮች ይሰጣል። ፕላብ ሁለት ማንቸስተር ተሂዶ የሚወሰድ የተግባር ፈተና ነው፤ 16 ጣቢያ አለው። እንግሊዝኛ በአይኤልትስ ከሆነ በአጠቃላይ 7.5፣ በእያንዳንዱ ክፍል ደግሞ ከ7 ያላነሰ ማምጣት አለብህ። ኦኢቲም ይቻላል። ቢያንስ 12 ወር ኢንተርንሺፕም ይጠይቃሉ፤ አሁን ያለህበት ዓመት ስለሆነ በደንብ አስመዝግበው። ይህን ስትጨርስ ጂኤምሲ የሚባለው የእንግሊዝ የሐኪሞች መዝጋቢ አካል ይመዘግብሃል። ዛሬ ግን ተመዝግበው ሥራ ያጡ ብዙ ሐኪሞች እንዳሉ እወቅ። ለአንድ ክፍት ቦታ በመቶዎች ያመለክታሉ። ገንዘብህን ስታቅድ ያለ ሥራ የምትቆይባቸውን ወራት ጨምርበት።

የቱንም ብትመርጥ ዲፕሎማህ የሚጣራው በአንድ ቦታ ነው። ጂኤምሲም ቢሆን የሚጠቀመው ኢፒክ የሚባለውን የኢሲኤፍኤምጂ ማረጋገጫ ነው። ስለዚህ ዲፕሎማህን እጅህ ላይ እንዳገኘህ፣ ሬጅስትራሩ ቢሮ ያሉት ሰዎች ፊትህን ሳይረሱት፣ አስልከው።